ደላላውን ተወውና ስለ ሐይቋ እህትህ ንገረኝ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ 280 ካሬ ላይ ያረፈ የጭቃ ቤት ትተውልናል። እናታችን አለች፣ እዚያው ቤት ነው የምትኖረው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። አንዷ እህቴ ጂዳ ናት። የመጨረሻዋ ገና 16 ዓመቷ ነው። ቤቱን ለመሸጥ ተስማምተናል። ደላላ ሁለት ፐርሰንት ጠየቀን። አንድ ሰው ደግሞ ራሱ መጥቶ 6 ሚሊዮን እሰጣለሁ፣ ቀብድ ነገ ልክፈላችሁ እያለ ነው። ያለ ደላላ መሸጥ እንችላለን ወይ? ጎረቤታችን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሂዱ፣ ቶሎ ያልቅላችኋል ብለውናል። አባታችን እናታችንን ከማግባታቸው በፊት የወለዷት አንዲት ልጅ ሐይቅ ከተማ አለች ይባላል፤ ግን ከእኛ ጋር አላደገችም፣ አታስቸግርም ብለን ነው።»

ወንድሜ፣ ጋሼ ካልከኝ ወዲያ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ አትቀየመኝም። አባትህን አላህ ይርሐማቸው።

የጥያቄህ መልስ አጭር ነው። ያለ ደላላ መሸጥ ትችላላችሁ። ቤት ለመሸጥ ደላላ የግድ ነው የሚል ሕግ የለም። ውልና ማስረጃ ስትቀርቡም ደላላችሁ የታለ የሚላችሁ የለም። የደላላ ሥራ ገዢና ሻጭ ማገናኘት ነው። የእናንተ ገዢ ደግሞ በእግሩ መጥቷል። ሁለት ፐርሰንቱ ከ6 ሚሊዮን ላይ 120,000 ብር ይሆናል። እሱን ማትረፍ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም።

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ሳነበው ያሳሰበችኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ናት። «አንዲት ልጅ ሐይቅ ከተማ አለች ይባላል።» ደሴ ውስጥ በጥብቅና ስሠራ ብዙ የውርስ ፋይል አገላብጫለሁ። የቤት ሽያጭ ሲፈርስ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት፣ ወረቀት ላይ ግን ማንም ስሟን ያልጻፋት ልጅ።

ሕጉ እዚህ ላይ አያሻማም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ ልጅ በጋብቻ ውስጥ ተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ ተወለደ ለውርስ ልዩነት የለውም ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች እኩል መብት አላቸው ብሎ ደግሞታል። አብራችሁ ማደጓ፣ አለማደጓ፣ ለቅሶ መድረሷ፣ አለመድረሷ ቁጥር ውስጥ አይገባም። አባትነቱ ከተረጋገጠ ልክ እንደ አንተ ወራሽ ናት።

በብር እናስላው። ቤቱ የእናትህና የአባትህ የጋራ ሀብት ነው እንበል። በ6 ሚሊዮን ከተሸጠ 3 ሚሊዮኑ የእናትህ ነው። ይህ ውርስ አይደለም፣ የራሳቸው ገንዘብ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው 3 ሚሊዮን ነው። አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 750,000 ይደርሳል። አምስት ከሆናችሁ 600,000። ስለዚህ እሷን መቁጠር እያንዳንዳችሁን 150,000 ብር ያስወጣል። ያማል፣ ይገባኛል። አለመቁጠሩ ምን እንደሚያስወጣ ደግሞ ስማ።

የወራሽነት ማስረጃ ስትጠይቁ ከእኛ ሌላ ወራሽ የለም ብላችሁ በቃለ መሐላ ልትፈርሙ ነው። እያወቁ በሐሰት መማል ወንጀል ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ የተተወ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀ ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓመት ድረስ መክሰስ ይችላል። ባያውቅ ደግሞ እስከ 15 ዓመት የሚሄድ ገደብ አለ። 15 ዓመት ማለት ይቺ የ16 ዓመቷ እህትህ የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት የምታስገባበት ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ውል ላይ «የሚከራከር ቢመጣ እኔ መልስ እሰጣለሁ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር አለች። በአገራችን የቤት ሽያጭ ውል ሁሉ ውስጥ አትጠፋም። ገዢው ሲከሰስ ዞሮ የሚይዘው አንተን ነው።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሸጠው ገንዘቡን ተከፋፍለው የጨረሱ እህትማማቾችና ወንድማማቾች ቢሮዬ መጡ። ድሮ ጅቡቲ ሄዶ የቀረ ወንድም ነበራቸው። ሞቷል ብለው ሳይጠሩት ቀሩ። ለዓረፋ መጣ። ገዢው እስከዚያ የጭቃውን ቤት አፍርሶ ብሎኬት ደርድሯል። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ ግን ሁሉም ከየኪሱ መለሰ። ታላቂቱ አንባሯን ከክንዷ አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ «ይባላል» የምትል ቃል ስሰማ ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስልክ አትደውል፣ ሂድ። ብቻህንም አትሂድ፤ የአባትህን ታሪክ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ሂድ። ልጅነቷ እውነት ከሆነ አምስተኛ አድርጋችሁ አስገቧት። እንዲያውም ድርሻዋን ከእናንተ አንዱ ሊገዛት ይችላል። ድርሻዋን አልፈልግም ካለችም ያን በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሚመለከተው አካል ፊት ትፈርም። «የእናንተን አልነካም» ብላ ቡና ላይ የተናገረችው ቃል ባል ስታገባ ይረሳል።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። ነገ ልክፈል የሚለውን ቀብድ አትቀበሉ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከቀየረ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 300,000 ተቀብለህ የጂዳዋ እህትህ ውክልና ቢዘገይ፣ ወይም የአዲስ አበባው ወንድምህ «8 ሚሊዮን ያወጣል» ብሎ ቢያፈገፍግ፣ ሰውየው 600,000 አምጣ ይልሃል። ላንተ ይፈረድ፣ ለእሱ ይፈረድ ሌላ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት መመላለሱ ራሱ ዕዳ ነው። በዚያ ላይ አንተ ብቻህን የምትሸጠው ቤት የለህም። ውርስ እስኪከፋፈል የሁላችሁም ነው። በጋራ የተያዘን ንብረት ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለገዢው እንዲህ በለው፦ «ወራሽነት አውጥተን፣ ካርታውን በስማችን አዙረን እንጠራሃለን። እስከዚያ ከሌላ ሰው ጋር አንነጋገርም።» እውነተኛ ገዢ ይጠብቃል። እንዲያውም ደስ ይለዋል። በውርስ ላይ ያለን ቤት ካርታው ሳይዞር በጥድፊያ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ በጣም ያውቃል።

የመንደር ውል ነገርም አለ። ሦስት ምስክር፣ አንድ ወረቀት፣ የቅሬ (የዕድር) ዳኛው ፊርማ። ለዕቃ ይሆናል። ለቤት አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራሉ ሰበር ችሎትም በዚህ ድንጋጌ ላይ በመመሥረት ያልተመዘገቡ ውሎችን ፈራሽ ብሏል።

እሺ፣ ከየት ትጀምራለህ? ከፌስታሉ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ፌስታል አለው። ቁምሳጥን ላይ ወይ አልጋ ሥር ይገኛል። ውስጡ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ ያረጀ መታወቂያ፣ የሠርግ ፎቶ አለ። እናትህ ፊት ዘርግፈውና አንድ በአንድ እይ።

መጀመሪያ ካርታው በማን ስም እንደሆነ እይ። አንዳንዴ የሚገኘው የአያት ስም ነው። ያኔ ሁለት ውርስ ነው የምታወጡት። ቀጥሎ ፊደሉን እይ። አትሳቅ። ካርታው «እንድሪስ» ይላል፣ መታወቂያው «ኢድሪስ»፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ «እድሪስ»። አንዱ ላይ የአያት ስም ተዘሏል፣ ሌላው ላይ ሰፈር የሚያውቀው የቁልምጫ ስም ገብቷል። አባትህ አንድ ሰው ናቸው፤ ለመዝገብ ቤቱ ግን ሦስት ሰው ናቸው። ይህን ፍርድ ቤት ስትቀርቡ አብራችሁ ጠይቁ፣ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ይረጋገጥ። በኋላ ከተገኘ ሌላ ፋይል፣ ሌላ ቀጠሮ ነው።

ካርታው ከጠፋ አብሽር፣ መፍትሔ አለው። በ2014ቱ ጦርነት ሰነዱ የጠፋበት የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ብዙ ነው። ማዘጋጃ የሚገኘውን ፋይል ጠይቁ። እዚያ እያላችሁ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ባንክ ያስያዘው ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ? የቦታ ኪራይና የቤት ግብር እስከዚህ ዓመት ተከፍሏል ወይ? ሜዳ ላይ ያለው ስፋት ካርታው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? አጥሩ ወደ መንገዱ አንድ ሜትር ከገፋ ገዢው በሜትር ይለካዋል፣ አንተ ደግሞ በዋጋ ትለካዋለህ።

የድሮ ግቢ ከሆነ አንድ ሌላ ነገር እይ። በ1967ቱ አዋጅ 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አንድ ግቢ ውስጥ የግልና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን የቀረበት ቦታ አለ። ከኋላ ያለችው አንዲት ክፍል የቀበሌ ከሆነች የምትሸጡት ግቢ ያሰባችሁትን ያህል አይሆንም።

ከዚያ የሞት ምስክር ወረቀት። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። ሁለት ዓመት ካለፈው ዘግይቶ የሚመዘገብበት መንገድ አለ፣ ቀበሌ የሚገኘው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስተናግዳችኋል።

ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ። ውርስ የሚከፈተው ሟች በዋናነት ይኖሩበት በነበረው ቦታ ነው። አባትህ ነዋሪነታቸው ደሴ ከነበረ አቤቱታው እዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ይገባል። ኮምቦልቻ አንተ ጋ ስለሚመች ኮምቦልቻ እንክፈት አይሠራም። አቤቱታ፣ ቃለ መሐላ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃና ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይቀርባሉ። ምስክር ስትመርጥ አባትህን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቅ ይሁን። የሐይቁን ነገር ሲጠየቅ የማይደናበር ይሁን። ኑዛዜ ካለ አብሮ ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ብሎ ማስታወቂያ ሊያስወጣም ይችላል።

ይቺ ማስረጃ የምትለው «እነዚህ ሰዎች የእገሌ ወራሾች ናቸው» ብቻ ነው። ቤቱ የአባትህ ነበር አትልም፣ አታካፍልምም። ብዙ ሰው እሷን ይዞ የቤቱን ባለቤትነት ያገኘ ይመስለዋል። ገና ማዘጋጃ ሄዳችሁ ስሙን ወደ ራሳችሁ ማዞር አለባችሁ። የእናትህ ግማሽ በስማቸው፣ የቀረው በወራሾች ስም። ለዚህ የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል። አባትህ ቤቱን የሠሩት እናትህን ከማግባታቸው በፊት ከሆነ ግን ከላይ ያሰላሁት ሒሳብ ይለወጣል። የግል ሀብት ከሆነ ግማሽ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የሐይቋ ልጅ ከጋብቻው በፊት የተወለደች መሆኗን አስታውስ። ቤቱና እሷ ማን ቀድሞ እንደመጣ ጠይቁ።

ጎረቤታችሁ ያሉትም ስህተት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል። ቁልፏ ቃል «ከፈቀዱ» የምትለዋ ናት። አንዱ እንቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ሒሳቡም ይለያያል። የእናትህ ግማሽ እንዳለ ተይዞ የአባትህን 3 ሚሊዮን ብቻ እንውሰድ። በመደበኛው ሕግ አምስታችሁም እኩል 600,000 ትወስዳላችሁ፤ እናትህ በሚስትነታቸው ከዚህ አይወርሱም። በሸሪዓ ልጆች ካሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች፤ 375,000 ነው። የቀረውን 2,625,000 ወንድ የሴትን እጥፍ ይወስዳል። የሐይቋ ልጅ በኒካህ የተወለደች ከሆነች ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ናችሁ። ለአንተና ለወንድምህ 750,000፣ ለእህቶቻችሁ ለእያንዳንዳቸው 375,000 ይደርሳል። የቱ ይሻላል አልልህም፤ የእናንተ እምነትና የእናንተ ቤት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ እህቶችህ ይህን ቁጥር አይተው ይፍቀዱ። የጂዳዋ በስልክ «እናንተ እንዳላችሁ» ስላለች ፈቀደች አይባልም።

የጂዳዋን ነገር ከዛሬ ጀምር፣ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ውክልናዋን እዚያው ቆንስላችን ትሰጣለች። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይና በውልና ማስረጃ በኩል አልፎ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ይዘቱ ላይ ተጠንቀቁ። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «ወራሽነቴን እንዲያረጋግጥልኝ፣ ስም እንዲያዞርልኝ፣ እንዲሸጥ እንዲለውጥ፣ ገንዘብ እንዲቀበልልኝ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ቤቱም በካርታ ቁጥሩ ይጠቀስ። ረቂቁን እዚህ አዘጋጅተህ በቴሌግራም ላክላት፣ ያንኑ ይዛ ትሂድ። «ገንዘብ እንዲቀበልልኝ» የምትለዋን ካልፈለገች ትተዋት፤ ድርሻዋ በቀጥታ በራሷ ሒሳብ ቢገባ ለአንተም ይሻልሃል።

ስለ ውክልና ካነሳን፣ አባታችሁ በሕይወት እያሉ ለታላቅ ወንድምህ ውክልና ሰጥተውት ከነበረ ያ ወረቀት ከእሳቸው ጋር አርፏል። ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። በሟች ውክልና ቤት የሸጠ ሰው አጋጥሞኛል። ክፋት አልነበረበትም፣ «አባቴ ሽጥ ብሎኛል» ነው የሚለው። ሽያጩ ግን ፈረሰ።

የ16 ዓመቷ እህትህ ገና አካለ መጠን አልደረሰችም። እናትህ ሞግዚቷ ቢሆኑም የልጅን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችሉም። ፈቃዱን ስትጠይቁ ለምን መሸጥ እንደተፈለገና ገንዘቧ የት እንደሚቀመጥ ንገሩ። በስሟ በሚከፈት የባንክ ሒሳብ ይግባ ብላችሁ ራሳችሁ ብታቀርቡ ዳኛው ደስ ይለዋል። «ሁለት ዓመት እንጠብቅና 18 ይሙላት» የሚልም አለ። ካልቸኮላችሁ መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ዋጋው ላይ ደላላው የሚያውቀው እናንተ የማታውቁት አንድ ነገር አለ፤ ባለፈው ወር ጎረቤት ያለው ቤት በስንት ሄደ የሚለው። እሱን ራሳችሁ አጣሩ። ሱቁን ጠይቅ፣ የቅሬውን ዳኛ ጠይቅ፣ በቅርቡ የገዛውን ሰው ራሱን ጠይቅ። የገዛ ሰው ዋጋ አይደብቅም፣ የሸጠ ሰው ነው የሚደብቀው። መሐንዲስ ከፍላችሁ አስገምቱ። የጭቃ ቤት ላይ ገዢ የሚከፍለው ለቤቱ ሳይሆን ለቦታው ነው፤ ቁልቁለቱና መኪና መግባት አለመግባቱ ከግድግዳው ይበልጣል። ደሴን ታውቃታለህ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሜዳ የሆነ 280 ካሬ ማግኘት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሰው 6 ሚሊዮን ስላለ ዋጋው 6 ሚሊዮን ነው ማለት አይደለም።

በሕግ መሬት እንደማይሸጥም አትርሳ። የምትሸጡት ቤቱንና በይዞታው የመጠቀም መብቱን ነው። የሊዝ አዋጅ 721/2004 ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ እዚህ ይገባል። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ውጭ የተያዘ የቆየ ቦታ) በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ እንዳለ ይቆያል። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል፤ ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ የሰማ ገዢ «ሊዝ ይመጣብኛል፣ ቀንሱልኝ» ይላችኋል። ማዘጋጃ ሄዳችሁ ለዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚታሰብ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲከራከር እጃችሁ ላይ ቁጥር ይኑር።

ከመካከላችሁ አንዱ ኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ሌሎቹ ድርሻውን ይግዙት፣ ወይም እሱ የእናንተን ይግዛ። ድርሻውን ለውጭ ሰው ልሽጥ ቢል የጋራ ባለሀብቶች የቅድሚያ ግዢ መብት አላቸው። ያም ካልሆነ ፍርድ ቤቱ ለመከፋፈል የማይመች ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ያዛል። ሐራጅ ላይ የወጣ ቤት ገበያው የሚከፍለውን ሲያመጣ ብዙ አላየሁም።

በውሉ ቀን ጭንቅላታችሁ ቀዝቀዝ ይበል። ውሉን የሚጽፍ ባለሙያ ያዙ፤ ከደላላው የተረፈውን ቁራጭ እዚህ አውጡት፣ አይቆጫችሁም። ዋጋው ሙሉ በሙሉ ይጻፍ። «ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን እንበል» የሚል ገዢ አይጠፋም። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ግምት አለው፣ እናንተ በጻፋችሁት አይታለልም። ውሉ ቢፈርስ ወይም ሰውየው ቀሪውን ቢክድ ግን በእጃችሁ ያለው ማስረጃ 3 ሚሊዮን ብቻ ይላል።

ክፍያው በባንክ ይሁን። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነ ወረቀቱን አይታችሁ አትፈርሙ። ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ራሳችሁ ሂዳችሁ አረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው በፊርማው ቀን ለእያንዳንዱ ባለድርሻ በየሒሳቡ ቢገባ ነው። በአንድ ሰው ሒሳብ ገብቶ «አካፍላችኋለሁ» የሚባለው ነገር እህትና ወንድም አጣልቷል። ያ ሰው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ስልኩ እረፍት አያገኝም።

ግብሩን በአጭሩ። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ 110/1990 ለባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ከዋጋው ሁለት በመቶ ያስከፍላል፤ እንደ ልማዱ ስም ማዞሪያውን ገዢው ይችላል። ማን ምን እንደሚከፍል ግን ውሉ ላይ ጻፉት። በሽያጭ ትርፍ ላይ ያለውን የካፒታል ዕድገት ግብር አዋጅ 979/2008 ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ አድርጎት ነበር። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ ከመፈረማችሁ በፊት ገቢዎች ሂዳችሁ የዛሬውን ጠይቁ። ቤቱ መኖሪያ ሆኖ መቆየቱ ለውጥ ሊያመጣ ስለሚችል እናትህ እዚያ መኖራቸውን የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ስለ እናትህ። «ልንሸጠው ተስማምተናል» ስትል እሳቸውን ቆጥረህ ነው ወይ? ጥያቄህ ውስጥ «እናታችን አለች» ከማለት ሌላ ምን እንዳሉ አልጻፍክም። የቤቱ ትልቋ ባለድርሻ እሳቸው ናቸው። አልፈርምም ካሉ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ይፈርማሉ እንበል፤ ከዚያ የት ይገባሉ? ኮምቦልቻ አንተ ጋ ከሆነ ከደጋው ወደ ሞቃቱ አገር መውረድ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡበት ቅሬ፣ አቦሉን አብረው የሚጠጡት ጎረቤት ሰኞ ገበያ ይቀራል። በ3 ሚሊዮናቸው እዚያው ሰፈር አነስ ያለ ቤት ሊገዙ ይችላሉ፤ ያንን ከዚህኛው ጋር አንድ ላይ ፈልጉት።

ቤቱን የመልቀቂያ ቀን ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ገዢው ሲፈርም ቁልፍ ስጡኝ ይላል፣ እናንተ ሦስት ወር በሉ። ክረምት ላይ ከዋለ ወደ መስከረም ግፉት። በሐምሌ ጭጋግ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት በዕቃ መኪና መውረድ ለማንም አይመከርም፣ እንኳን የአርባ ዓመት ዕቃ ለጫኑ እናት።